ዑራ ወይስ ኡራ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሆኜ ለጣና ጀልባ አስጎብኚዎች ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። የገዳሙን ስም «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ብዬ አስገብቼ፣ ሰው «ኡራ» ብሎ ሲፈልግ ምንም አይወጣም። ፈረንሳይኛም ልጨምር ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞህ፣ ብዙዎቻችንን የገጠመ ነገር ነው። እኛ ዑ እና ኡን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለዳታቤዙ ግን ሁለት ፊደል ናቸው። ስሙን እንዳለ ተወውና አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ዓምድ ክፈት፤ ከ12ኛው ቅጂ ጀምሮ ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን ዓምድ ራሱ ይሞላልሃል። ፊደልን በፊደል በሚተካው ትራንስሌት (translate) ፈንክሽን ዑን ወደ ኡ፣ ሕን ወደ ህ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይርበት፣ ሰው የጻፈውንም ቃል ከመፈለግህ በፊት በዚያው አሳልፈው። ሰባቱንም ቤት እንዳትረሳ! ለቋንቋዎቹ የገዳሙ መለያ ቁጥር፣ የቋንቋው ኮድና ስሙ ያሉበት አንድ የትርጉም ሰንጠረዥ ይበቃሃል።