አውሮፕላኔን ለአባቴ ሎጎ ሐይቅ ላይ ላሳርፍላቸው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከሲያትል ነው። ተወልጄ ያደግኩት ግን ወሎ፣ ሐይቅ በምትባለው ከተማ፣ ሎጎ ሐይቅ ዳር ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ መረብ ሲጎትቱ እኔ ጀልባው ላይ ተጋድሜ ሰማዩን አይ ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ገዛሁ። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሆዷ እንደ ጀልባ ስለሆነ ውኃ ላይ ታርፋለች። የሚታጠፍ ጎማ ስላላት አስፋልት ላይም ታርፋለች። ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የመኪና ቤንዚን ይበቃዋል። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ጨርሼባታለሁ። እህቴ "በዚህ ብር ደሴ ላይ ፎቅ ይቆም ነበር" እያለች እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

አባቴ ዘንድሮ 81 ዓመት ሞላቸው። በስልክ ባወራን ቁጥር "ያቺን ወፍህን ሐይቁ ላይ ስታሳርፋት አይቼ ልሙት" ይሉኛል። ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ሐሳቤ ፈታትቼ በኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ማስገባት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ገጣጥሜ፣ ከአየር ማረፊያው ተነስቼ ሐይቁ ላይ አርፋለሁ። ከዚያ አባቴን አሳፍሬ አንድ ዙር እንዞራለን።

ለማንም በቁም ነገር ያልነገርኩት ነገር ግን አለ። ባለፈው ሐምሌ ከአስፋልት ተነስቼ ወደ ውኃ ስሄድ ጎማውን ማጠፍ ረሳሁ። ውኃውን ልነካ የቤት ጣሪያ ያህል ሲቀረኝ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ "ጎማው! ጎማው!" ብሎ ጮኸ። ሞተሩን ሙሉ ሰጥቼ ተመልሼ ወጣሁ። እሱ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለማረፍ ስዘጋጅ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቃሌን ልጠብቅ ወይስ ልሽጣት?

የሎጎ ልጅ

መልስ

አብሽር ወንድሜ።

ደብዳቤህን ይዤ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፈ ሰው ነው። የጎማውን ነገር ሳነብለት ሲኒውን ከአፉ መልሶ አስቀመጠ። "ይሄ ልጅ ከሞት ነው የተረፈው" አለኝ። ጎማው እንደወጣ ውኃ ከነካ፣ ውኃው ጎማውን ጨምድዶ ይይዘዋል። አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተደፍታ ትገለበጣለች። ውስጥ ያለው ሰው በቀበቶ እንደታሰረ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ ውኃ ውስጥ ነው። ያን ቀን ከጎንህ አባትህ ቢሆኑ ኖሮ ብለህ አስበው።

የእጅህን መንቀጥቀጥ አትደብቀው። እንደ ጓደኛህ በቀልድ ሳይሆን እንደሆነው ለአሠልጣኝ ንገር። ጥቂት ሰዓት አብሮህ ይብረር። ወንድሜ እንደነገረኝ ጠንቃቃ አብራሪዎች ከማረፋቸው በፊት ጮክ ብለው ይናገራሉ፦ "የማርፈው ውኃ ላይ ነው፤ ጎማ ታጥፏል።" ጎማውን በዓይናቸው እያዩ ነው የሚሉት። ብቻቸውን ቢሆኑም አይተዉትም። አንተም ልመድ።

አሁን ወደ ሎጎ ልምጣ። ሲያትል አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 6 ሜትር ገደማ ነው። ሎጎ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተርህ ተርቦ (አየር እየጨመቀ የሚያስገባለት መሣሪያ) ከሌለው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይብሳል፤ አውሮፕላኗ 2,800 ሜትር ላይ ያለች ያህል ትደክማለች። ውኃ እንደ አስፋልት አይደለም፤ ይጎትታል። ሆዷ ከውኃው ወጥቶ ላዩን መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ያለህን ጉልበት ሁሉ ይበላል። ሲያትል ላይ በቀላሉ የሚለቅህ ውኃ እዚህ ይዞ ሊያስቀርህ ይችላል። ቢለቅህም ዙሪያው ተራራ ነው። "ብቻውን፣ ነዳጅ ቀንሶ፣ በማለዳ ከሆነ ተሰልቶ ይታያል። ሽማግሌ አሳፍሮ ግን አይሆንም" ብሏል ወንድሜ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ማለዳውም የራሱ ጣጣ አለው። የጥር ጠዋት ሎጎ እንዴት እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። ንፋስ የለም፣ ውኃው መስተዋት ነው፣ ተራራው ቁልቁል ይታይበታል። ለዓይን እንዲህ የሚያምረው ውኃ አብራሪን ያታልላል። ውኃው የት እንደሚጀምር ስለማይለይ አንድ ሜትር ይቅርህ አሥር ሜትር አታውቅም። መላው ዳር ዳሩን ይዞ ዛፉንና ሣሩን እያዩ ቀስ ብሎ መውረድ ነው ይላሉ። ሎጎ ላይ ግን ዳር ዳሩ የማን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። መረቡና ጀልባው እዚያ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳምም ከሐይቁ ዳር አለ። ሳትጠይቃቸው በመነኮሳቱ ጸሎት ላይ ሞተር ማስጮህ ነውር ነው። የጉምሩኩንና የሲቪል አቪዬሽን ፈቃዱን ነገር አላነሳሁትም። እሱ ሳያልቅ ኮንቴይነር እንዳትጭን።

አትሽጣት። አሁን ግን አታምጣት።

ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። አባትህ "አይቼ" ነው ያሉት። "ተሳፍሬ" አላሉም። መሳፈሩን የጨመርክበት አንተ ነህ። የሚያጓጓቸው ልጃቸው ከሰማይ ወርዶ ሐይቃቸው ላይ ሲቆም ማየት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣኸው መቼ እንደሆነም አልጻፍክልኝም። አገር ቤት ከመጣህ ስንት ዓመት ሆነህ?

በጥር ያለ አውሮፕላን ና። ከእሳቸው ጋር ጎህ ሲቀድ ጀልባው ላይ ውጣ። ንፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ መረቡ የት የት እንደሚጣል ጠይቃቸውና ጻፈው። ሐይቁን በካርታ ከምታየው ይልቅ ከእሳቸው ትሰማዋለህ። ሲያትል ላይ ስታርፍ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለህ በስልክህ ይዘህላቸው ና፣ ይዩት።

የሐምሌውንም ንገራቸው። ጀልባ በምን እንደሚገለበጥ ያስተማሩህ እሳቸው አይደሉም እንዴ? ይቆጡህ ይሆናል። ይቆጡህ። ከዚያ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ።

እትዬህ