የተዋስሽውን ድምፅ መልሺ

ጥያቄ፦ «29 ዓመቴ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ የኢንሹራንስ ድርጅት የመኪና ካሳ ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ከ4 ወር በፊት ቡድን መሪ ሆንኩ። ከ8ቱ ሠራተኞች 5ቱ ወንዶች ናቸው። ሥራ አስኪያጃችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ‹ለስላሳ ነሽ፤ እንደ ወንድ ጠንከር በይ› አለኝ። ስለዚህ ከእኔ በፊት የነበሩትን አለቃ መምሰል ጀመርኩ። እጮኻለሁ። ከልጆቹ ጋር ቡና መጠጣት አቆምኩ። አሁን ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ‹ሹመት ቀየራት› እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ‹ልጄ› ይሉኛል፤ ፋይልም በቀኑ አያስረክቡም። ድሮ ካሳ የተቀነሰባቸው ደንበኞች እንኳ እኔ እንዳስረዳቸው በስሜ ጠይቀው ይመጡ ነበር። ይህ ኃላፊነት ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ ያረፈው በስምሽ ጠይቀው ይመጡ የነበሩት ደንበኞች ላይ ነው። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አልፈሻል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ካሳ የተቀነሰበት ሰው ተናድዶ ነው የሚመጣው። አንቺ ያንን ሰው ሳትጮኺበት፣ ውሳኔውንም ሳትቀይሪ፣ ምክንያቱን አስረድተሽ ትሸኚው ነበር። ይህን የምትችል ሴት ሌላ ሰው መምሰል አያስፈልጋትም።

የገባሽበት ጣጣ ያንቺ ጉድለት አይደለም። ሴት አለቃ ለስለስ ስትል «አትችልም» ትባላለች። ጠንከር ስትል «ክፉ ናት» ትባላለች። ወንዱ ሲቆጣ ግን «ቆራጥ ነው»። ይህን ወጥመድ በብዙ አገር ያሉ አጥኚዎች ደጋግመው አይተውታል። እኛ ደግሞ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ሳህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆኑት ሁለቱም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ትናንት ማለት ነው። አለቃ ሲባል በአብዛኞቻችን ፊት ድቅን የሚለው የሆነ ወንድ ቢሆን ምን ይገርማል?

እኔም ፒያሳ አንድ ቢሮ ውስጥ የመጀመሪያ ቡድኔን ስረከብ የቀድሞ አለቃዬን አነጋገር ይዤ ነው የገባሁት። አንድ የተሳሳተ ክፍያ 3 ሳምንት ሙሉ ተደብቆኝ ቆየ። ሲወጣ ሦስት ሰዎች ያውቁ እንደነበር ሰማሁ። ሰው የሚፈራውን አለቃ ደስ የሚል ዜና ብቻ ነው የሚያቀብለው። አንቺ ስትገቢ የሚቋረጠው ወሬ ውስጥ ሐሜት ብቻ ያለ እንዳይመስልሽ። ማወቅ የነበረብሽ የሥራ ችግርም አለበት።

ራስሽን ሁኚ ስልሽ ግን እንደ ድሮሽ ቆዪ ማለቴ አይደለም። ብዙዎቻችን በይሉኝታ ዝም እያልን «ተፈጥሮዬ ነው» እንላለን። ይሉኝታን ከጨዋነት ለዪው። ጨዋነትሽን ያዢ። ማለት ያለብሽን የሚያስውጥሽን ይሉኝታ ግን ተይው።

እዚህ ላይ የእኚያ አባት ጉዳይ ይመጣል። «ጋሼ» ማለትሽን እንዳትተዪ። አክብሮቱ አስተዳደግሽ ነው፣ ከሥልጣንሽ ምንም አይቀንስም። ሰው ፊት አትናገሪያቸው። ለብቻ ተቀመጡና በራስሽ ድምፅ ንገሪያቸው፦ «ጋሼ፣ ብቻችንን ስንሆን ልጄ ቢሉኝ ደስ ይለኛል። ስብሰባ ላይ ግን በስሜ ይጥሩኝ። ሐሙስ ይደርሳል የተባለው ፋይል ሐሙስ ካልደረሰ የሰውየው መኪና ጋራዥ ቆሞ ይከርማል። ምን ቸገረዎት?» ከዚያ ዝም በይና አድምጪ። ምናልባት አዲሱ ሲስተም አስቸግሯቸው ይሆናል፤ ለወጣት መናገር አፍረው ይሆናል። ምናልባትም ቦታው ለእኔ ይገባ ነበር ብለው ቅር ብሏቸው ይሆናል። የትኛውም ቢሆን አዲስ ቀን ተስማሙና ቀኑን ጻፊው። በድጋሚ ካለፈ በድርጅታችሁ ደንብ መሠረት ሂጂ። ይህንንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ለደንበኞችሽ ታደርጊው የነበረው ይኸው ነው፦ ውሳኔው፣ ምክንያቱ፣ ቀጣዩ እርምጃ።

የቀድሞውን አለቃ «እርስዎ» ይሉ የነበሩ ሰዎች አንቺን «አንቺ» ቢሉሽ ግን እዚያ ላይ ጉልበትሽን አትጨርሺ። በእኔ ግምት እሱ ከሥራሽ ጋር ቀስ ብሎ ይስተካከላል።

ቡናው ላይ ተመለሺ። ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሂጂና አብረሻቸው ተቀመጪ። ስለ ፋይል አታንሺ። «ሰሞኑን ስጮህባችሁ ነበር፤ አካሄዴ ትክክል አልነበረም» ብትያቸው ክብርሽ አይጎድልም። አንዲት ነገር ደግሞ፦ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው? ሁልጊዜ ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ከሆነች በተራ አድርጊው። ያቺ ልጅ ስትጽፍ ሐሳቧን ሳትናገር ስብሰባው ያልቃል።

ሥራ አስኪያጅሽ እንደገና «ጠንከር በይ» ካለሽ አትከራከሪው። «የትኛው ሥራ ላይ ላላሁ? የትኛው ፋይል ዘገየ?» ብለሽ ጠይቂው። ከጠቀሰልሽ ጥሩ ነው፣ ጻፊውና አስተካክዪው። ካልጠቀሰልሽ ደግሞ በየሳምንቱ ዓርብ ስንት ፋይል እንደተዘጋና የቀሩት ለምን እንደቆዩ በአንድ ገጽ ላኪለት። ከዚያ በኋላ ስለ ድምፅሽ ሳይሆን ስለዚያ ገጽ ነው የምታወሩት።