«ሳይናዘዝ ሞተ» ሲባል ምን ሳያደርግ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የእናቴ አያት ደንቢያ ውስጥ ገበሬ ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ ያጻፏት አንዲት ወረቀት እኛ ቤት አለች። «የእገሌ 3 ብር አለብኝ። እገሌ ላይ አንድ ጫን ገብስ አለኝ። ቀዩን በሬ ለነፍሴ» ትላለች። ወንድሜ «ይቺ ኑዛዜ ናት» ይላል። እናቴ ደግሞ «ኑዛዜማ ለቄስ የሚነገር ነው፤ ይሄ የዕዳ ዝርዝር ነው» ትላለች። ማናቸው ናቸው ልክ? «ለነፍሴ» ምን ማለት ነው? ወረቀቷን በኮምፒዩተር ልገለብጣት ነውና አማርኛዋን ላስተካክለው ወይ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ወንድምዎ የሚያውቁት የፍርድ ቤቱን ኑዛዜ ነው። እናትዎ የያዙት የአያቶቻቸውን ነው። ሁለቱ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

በግእዝ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ነው። እመቤታችን «ናዛዚት» የምትባለው ያዘኑትን ስለምታጽናና ነው። «ተናዘዘ» የመጣው ከዚሁ ነው። የልቡን የተናገረ ሰው ይጽናናልና። አማርኛ ይህን ግስ ወስዶ ሁለት ሥራ ሰጠው። «ኃጢአቱን ተናዘዘ» ስንል ለንስሐ ነው፤ «ከብቱን ተናዘዘ» ስንል ለውርስ ነው። ትርጉሙን የሚለየው ተሳቢው ነው። በግሱ መጨረሻ ላይ የምትመጣዋንም ልብ ይበሏት። «ለቄሱ ተናዘዘ» እና «ለልጁ ተናዘዘለት» አንድ አይደሉም። «ለት» ስትጨመር ተጠቃሚ አለ ማለት ነው፤ ልጁ የሆነ ነገር ያገኛል።

«ሳይናዘዝ ሞተ» ግን ተሳቢ የለውም። ዛሬ ፒያሳ ቢባል ሰሚው «ወረቀት ሳይተው» ብሎ ይረዳዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «ኑዛዜ»ን ለንብረት ስለያዘው፣ ለኃጢአቱም «ንስሐ ገባ» የሚለው ስለበረታ፣ የከተማው ጆሮ ወደዚያ ሄዷል። ደንቢያ ያሉ አረጋዊ ግን ሲሰሙት ደረታቸውን ይመታሉ። እሳቸው የሚሰሙት ሁለቱንም ነው።

ምክንያቱም ድሮ ሁለቱም የሚፈጸሙት በአንድ አልጋ ዙሪያ ነበር። ገበሬው ሕመሙ ሲጠናበት የነፍስ አባቱ ይጠራሉ። መጀመሪያ ሰው ይወጣና ኃጢአቱን ለብቻቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ ሽማግሌና ጎረቤት ይገባል። ያለበትን ዕዳ፣ ሰው ላይ ያለውን፣ ለማን ምን እንደሚተው ይናገራል። የሚጽፍ ሰው ካስፈለገም ብዙ ጊዜ ፊደል የቆጠሩት ቄሱ ወይም አንድ ደብተራ ናቸው። ዕዳ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ነው። የሰው ገንዘብ ይዞ ዝም ብሎ መሞት በነፍስም ያስጠይቃል። ስለዚህ እናትዎ «የዕዳ ዝርዝር» ያሏት ወረቀት የኑዛዜው ዋና አካል ናት።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንሂድ። እኔ እጅግ የወደድኩት «አለብኝ»ን እና «አለኝ»ን ነው። ቅድመ አያትዎ «ዕዳ» የሚለውን ቃል አልጠሩም፤ «ተበድሬያለሁ» እንኳ አላሉም። አንዲት «ብ» ሸክሙን ተሸከመችላቸው። «የእገሌ 3 ብር አለብኝ» ሲሉ ገንዘቡ አሁንም የእገሌ ነው፤ እሳቸው ጋ ያለው ሸክሙ ብቻ ነው። «እገሌ ላይ አለኝ» ሲሉ ደግሞ ባለመብት ሆኑ፤ ሸክሙ «ላይ» ወደተባለው ሰው ዞረ። በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ማን ከፋይ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ ተለየ። ከዚህ የጠራ የሒሳብ አማርኛ አላውቅም።

ገብሱም ያለ ነገር አልመጣም። ገበሬ እርስ በርሱ እህል ይበዳደር ነበር። «ዕዳው ገብስ ነው» የምንለውም ከዚህ ዓይነት ሕይወት የወጣ አነጋገር ይመስለኛል፤ ጤፍ ከመክፈል ገብስ መክፈል ይቀላልና።

«ለነፍሴ» ማለት ለፍትሐቴና ለተዝካሬ ማለት ነው። በሬው ታርዶ ወይም ተሽጦ በ40ኛው ቀን ካህናትና ድኾች እንዲበሉበት ነው። እዚህ ላይ ጥንት ብዙ ቤተሰብ ተጣልቷል። ተዝካሩ ተደግሶ ጎተራው ሲራቆት አበዳሪው ይመጣል። ልጆቹ ሌላ ብድር ይገባሉ። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚባለው እዚህ ቤት በእውን ይታያል። የ1952ቱ ሕግ ለዚህ ቁርጥ ያለ ተራ አውጥቶለታል። ከውርሱ መጀመሪያ የቀብር ወጪ ይከፈላል። ቀጥሎ ውርሱን የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ ነው። በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች ከኋላ ይመጣሉ። የተዝካር ወጪ ደግሞ ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ቅድመ አያትዎም በወረቀታቸው ዕዳውን አስቀድመው በሬውን መጨረሻ ላይ ማስጻፋቸውን ይዩልኝ።

ከሥር ስሞች ካሉ «እማኝ» ተብለው እንደሆነ ያጣሩ። ዛሬ «ምስክር» እንላለን። ሆኖም እማኝ ነገሩ ሲፈጸም «እማኝ ሁኑኝ» ተብሎ አስቀድሞ የሚቆጠር ሰው ነው። ምስክር ግን በአጋጣሚ ያየም ሊሆን ይችላል። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የተመዘገቡ የመሬት ሽያጭና ስጦታዎችም የነበሩትን ሰዎች ስም እየዘረዘሩ ነው የሚጽፉት። ብዙ ጊዜም በግዝት ይዘጋሉ፤ «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» ብለው። የእርስዎ ወረቀት እንዲህ ያለ መስመር ካላት ጸሐፊው ቤተ ክህነት ያደገ ሰው ነው ማለት ነው።

አማርኛዋን አያርሙት፤ እለምንዎታለሁ። «አለብኝ»ን «ዕዳ አለብኝ» አያድርጉት። «ጫን»ን ወደ ኩንታል አይለውጡት፤ ጫን የአጋሰስ ጭነት ነው፣ ልኩም እንደየአገሩ ይለያያል። «ብር»ን እንዳለ ይተዉት፤ ከጣልያን ወረራ በፊት የተጻፈ ከሆነ የታሰበው ጠገራው፣ የማርያ ቴሬዛው ብር ሳይሆን አይቀርም። «ዕዳ» የሚል ቃል ሌላ ቦታ ካለና በ«እ» ተጽፎ ከሆነ በ«እ» ይገልብጡት፤ ትክክለኛው በ«ዕ» መሆኑን ከፈለጉ በግርጌ ያመልክቱ። ለልጆች የሚያስፈልገውን ማብራሪያ ሁሉ በሌላ ገጽ ይጻፉት። ወረቀቷ ላይ የሌለ ቃል ግን በቅድመ አያትዎ አፍ አይጨምሩ።