«ወንድሜ ተሰወረ እንጂ አልሞተም»

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም መነኩሴ ናቸው። ለሱባኤ ወደ ቆላ እወርዳለሁ ብለው ከገዳማቸው ከወጡ አራት ዓመት አለፈ፤ ወሬያቸው የለም። ጎረቤቱ «ፍትሐት አስደርጉ፣ ተዝካራቸውን አውጡ» ይለናል። እናቴ ግን «ወንድሜ ተሰወረ እንጂ አልሞተም» ብላ እንቢ አለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሞ ለእናትሽ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልኝ። አስከሬን ሳያዩ፣ መቃብር ሳይኖር አራት ዓመት መጠበቅ ከለቅሶ ይከብዳል።

«ሰወረ» በግእዝ ጋረደ፣ ሸሸገ፣ ከለለ ማለት ነው። «ከክፉ ይሰውርሽ» ብለን ስንመርቅ ከለላውን ነው የምንለምነው፤ ዳዊትም «በመከራዬ ቀን በድንኳኑ ሰውሮኛልና» ያለው ይህንኑ ነው። ዓይነ ስውር የምንለውም ብርሃን የተጋረደበትን ነው። በእናንተው ጅማ በሂርማታ ገበያ ደግሞ ቡና በዱቤ ወስዶ የጠፋን ነጋዴ «ተሰወረ» ይሉታል። ስለዚህ ቃሉን ስትሰሚ «ማን ሰወረው?» ብለሽ ጠይቂ። ባለዕዳው ራሱን ሰወረ። ሄኖክን የሰወረው ግን እግዚአብሔር ነው፤ 365 ዓመት ኖሮ «አልተገኘም፤ እግዚአብሔር ወስዶታልና» ተባለለት (ዘፍ. 5፥24)። ኤልያስም በዐውሎ ነፋስ ሲወጣ ኤልሳዕ ቆሞ እያየ ነበር፤ ምስክር ነበረው።

ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን የኤማሁሱ መንገድ ነው። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ሁለት ደቀ መዛሙርት ሳያውቁት አብሯቸው ሄደ፤ እንጀራውን ሲቆርስላቸው አወቁት፣ ያን ጊዜ «ከእነርሱ ተሰወረ» (ሉቃ. 24፥31)። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ግን ጠፋብን ብለው አልተቀመጡም፤ በዚያችው ሰዓት ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ።

እንግዲህ እናትሽ «ከዓይናችን ራቀ፣ ያለበትን አናውቅም» ማለቷ ከሆነ እውነት ተናግራለች። «እንደ ሄኖክ ሞትን ሳያይ ተወሰደ» ማለቷ ከሆነ ግን ያ በቤተሰብ የሚመሰከር ነገር አይደለም። በገዳሞቻችን ከሰው ዓይን ተከልለው የሚኖሩ ስውራን አባቶች እንዳሉ አበው ያስተምሩናል፤ ስውርነት ግን በናፍቆት አይታወጅም። ከጎረቤቶቻችሁ ይልቅ እናትሽ ለትክክሉ ትቀርባለች። ፍትሐት ላረፈ ሰው የሚደርስ ጸሎት ነውና፣ ማረፋቸው ሳይታወቅ ማስፈታት አይገባም።

የምንኩስና ስማቸውን በሕያዋን ጸሎት አስጠሩ፤ ቤተ ክርስቲያን መስተብቍዕ በሚባለው የምልጃ ጸሎት ስለ መንገደኞች ትለምናለችና የእርሳቸውም ቦታ እዚያ ነው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሆናችሁ ለገዳሙ አበምኔት ጻፉ፤ መቼ፣ ከማን ጋር፣ በየት በኩል እንደወጡ የሚያስታውስ መነኩሴ ሊኖር ይችላል። ማረፋቸውን የሚመሰክር ከተገኘ ፍትሐቱም ተዝካሩም ያን ጊዜ ይደርሳል። እስከዚያው እናትሽ በስማቸው ለነዳያን ትመጽውት፤ ጎረቤቱም ቢሆን ይህን ጉዳይ ደጋግሞ ባያነሣባት መልካም ነው።