ጥያቄና መልስ፦ ዳዊቱን ከፍቶ ማንበብ ሲያቅት

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ከጦርነቱ በፊት በየቀኑ ዳዊት እደግም ነበር። አሁን እከፍተዋለሁ፣ «ምስጉን ነው» ካልሁ በኋላ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ይቀራል፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ እናታችን፣ የጠፋ እምነት ዳዊት አያስከፍትም። ያቃተዎት ልኩ ነው። የሳምንቱ ድርሻ፣ እንደሚያውቁት፣ በንጉሥ ይከፈላል፦ አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ነው፤ ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ከ1 እስከ 30 ማለት ነው፣ ማክሰኞም ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ያልቃል። ይህ ልቡ ላረፈ ሰው የተለካ ነው። ቁስል ላይ ያለ ሰው በዚያው መጠን ልቀጥል ሲል በሦስተኛው መዝሙር ይቆማል፣ ማግሥቱን ያቋረጠውን ጨምሮ ሊያካክስ ይሞክራል፣ በሦስተኛው ቀን ዕዳው ስለበዛበት መጽሐፉን ይሸፍነዋል። ያለፈውን ቀን አይደምሩ። ያለፈ አልፏል።

ለአንድ ሳምንት አንድ መዝሙር ብቻ ይያዙ፣ 12ኛውን። (በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛ ተብሎ ነው የሚገኘው፤ ከ10ኛው እስከ 145ኛው ድረስ አብዛኛው ቁጥር በአንድ ይለያያል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል።) ጧት አንዴ፣ ሲተኙ አንዴ፣ በድምፅ። አጭር ነው፤ ስድብ የመሰለ አቤቱታ ይዞ ይጀምራል፦ እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ እስከ መቼስ ፊትህን ትሰውራለህ ይላል። ቀጥሎ «ተመልከተኝ፣ ስማኝ» ብሎ ይለምናል። መጨረሻ ላይ ብቻ ነው «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» የሚለው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክፍል ዘልለን መጨረሻውን ለማለት እንጣደፋለን፤ ቃሉ ከአፍ ወጥቶ ልብ ውስጥ የማይገባው ለዚህ ይመስለናል። «እስከ መቼ» የሚለው ላይ ይቁሙ። የጠፋውን፣ የተቃጠለውን፣ የሚፈሩትን በስሙ ይጥሩት፣ በራስዎ አማርኛ። ከዚያ ወደ ንባቡ ይመለሱ። እንባ ከመጣ ይምጣ፤ ማቋረጥ አይደለም።

«እኔ ግን ታመንሁ» የሚለው ጋ አልደረስሁም ካሉ ደግሞ 87ኛውን ያንብቡ። ያ መዝሙር ከጨለማ ተጀምሮ ጨለማ ላይ ያልቃል፣ የመጽናኛ ስንኝ የለውም፤ ግን ከዳዊት አልወጣም። ማልቀስ ብቻ የሆነ ቀን ጸሎት የሌለበት ቀን አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይጨምሩ። አንድ ንጉሥ ለመድገም ወር ቢፈጅ አይቸኩሉ። ስልኩ ግን ከመኝታ ቤት ይውጣ፤ በሌሊት የሰማነውን ወሬ እስኪነጋ ማጣራት አይቻልም፣ የሚያደርገው እንቅልፍ መንሣት ብቻ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ወይም መሞት ከተመኙ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የመጨረሻው ከሆነ ዛሬውኑ፣ ሰው ይዘው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ጸበል የጀመረ ሰው ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ ሲያቆም ነው ነገር የሚበላሸው፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ ልጄ በሕይወት ከተመለሰ ለመስከረም 21 ግሸን እሄዳለሁ ብዬ ተሳልሁ። ተመለሰ። መንገዱ ግን አስጊ ነው፣ ጉልበቴም ከድቶኛል። ስለቱን ካላደረስሁ ልጄን መልሶ ይወስድብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይወስድብዎትም። ስለት ምስጋና ነው፤ ልጅዎ መያዣ አልሆነም። መጽሐፈ መክብብ ተስለህ ከምታስቀር ባትሳል ይሻላል ማለቱ እውነት ነው፣ ያ ግን ለቸልተኛ የተነገረ ነው፤ እርስዎ ቸል አላሉም። የንስሐ አባትዎ ጋ ሄደው የተሳሉበትን ቃል ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይንገሯቸው፦ በእግር ብለው ነበር ወይስ እሄዳለሁ ብቻ? ዘንድሮ ብለው ቆርጠው ነበር? መልሱ በዚህ ይለያያል። ቀኑን ሊያዛውሩልዎ፣ ሻማና ዕጣኑን በሌላ ተጓዥ እጅ እንዲልኩ ወይም በምጽዋት እንዲለውጡት ሊነግሩዎ ይችላሉ። ብቻዎን አይወስኑ፤ ብቻውን የወሰነ ሰው በየዓመቱ መስከረም በመጣ ቁጥር ይጨነቃል። መሄድ ከተፈቀደልዎም የግድ በመስከረሙ ሕዝብ መካከል አይሁን። የአምባው መግቢያ በር አንድ ነው፣ በዚያ ቀን ያለው ግፊያ ለደከመ ጉልበት ከባድ ነው። ማርያም በየወሩ በ21 አለች።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሙስሊም ጎረቤቴ ባሏ ሞተባት። አብረን ነው ያረጀነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ምን ብላት ነው የማጽናናት?

መልስ፦ ጥቂት ይበሉ። «አላህ ሶብሩን (ትዕግሥቱን) ይስጥሽ» ይበቃል፤ እርሷም «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ስትል ይሰማሉ፣ እኛ የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን ማለቷ ነው። «አታልቅሺ» አይበሏት። ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ የተከለከለው ደረት መምታትና ፊት መንጨት ነው። «ለበጎ ነው» የሚለውንም ይተዉት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ነበሩ፤ ያጠፉት ማብራራት የጀመሩ ጊዜ ነው።

ምግብ ይዘው ሲሄዱ ሥጋ አይሁን፣ የእርድ ነገር አለና። ዳቦ፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ የተቆላ ቡና ይሁን። ሦስቱ የለቅሶ ቀን ካለፈ በኋላ ቅሬውም (የሰፈሩ የለቅሶ ማኅበር) ይበተናል፣ ቤቱም ጭር ይላል፤ ያኔ ነው የሚፈለጉት። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ (ባል ለሞተባት የተወሰነ የመቆያ ጊዜ) ትቀመጣለች፣ የግድ ካልሆነባት ከቤት አትወጣም። እህሏን ወፍጮ ቤት ማን እንደሚያደርስላት በዚያ ሳምንት ይጠይቋት።