ከሰማይ እንቁራሪት የሚዘንብበት ፊልም ስሙ ማን ነበር ላልሽው እህታችን

ሰላም ለዚህ ቤት። እህታችን ትናንት የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፦ መጨረሻው ላይ ከሰማይ እንቁራሪት የሚዘንብበት የፈረንጅ ፊልም ስሙ ማን ይባላል፣ ደግሞስ ከልጆች ጋር ቁጭ ተብሎ የሚታይ የእንቁራሪት ፊልም አለ ወይ? ከስር አንድ ወንድማችን «ፍሮግስ» ብሎ መልሶላታል። እሱ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ እመጣበታለሁ።

የምትፈልጊው «ማግኖሊያ» ነው፤ የ1999 ፊልም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ዳይሬክተሩ ፖል ቶማስ አንደርሰን። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ቡናሽን አፍልተሽ ተቀመጪ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች ታሪክ ነው። አንዱ አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን ይጠብቃል፣ አንዱ በልጁ ላይ የሠራው በደል እያሳደደው ነው፣ ቶም ክሩዝ ደግሞ አባቱን ይቅር ማለት ያቃተው ልጅ ሆኖ ይሠራል። ሁሉም ነገር ጫፍ ላይ በደረሰበት ሌሊት አንዲት እንቁራሪት የፖሊሱ መኪና መስተዋት ላይ ጧ ብላ ታርፋለች። ወዲያው በመቶ የሚቆጠሩ ይከተላሉ፤ መንገዱ ይንሸራተታል፣ የጣሪያ መስተዋት ይሰበራል፣ ምሰሶ ላይ የወጣው ሰውዬ ተመትቶ ይወድቃል።

ድሮ ቪዲዮ ማከራያ ቤት ስሠራ ይህን ፊልም ወስዶ ሲመልስ «መጨረሻው ላይ ሌላ ፊልም ተቀድቶበታል፣ ብሬን መልስ» ብሎ የሚጨቀጭቀኝ ደንበኛ አይጠፋም ነበር። አልፈርድበትም። ግን አስተውሎ ላየው ሰው ፊልሙ ገና ከመነሻው ይናገራል። የአየር ትንበያው የዝናብ ዕድል 82 በመቶ ይላል። በቴሌቪዥኑ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ከተመልካቹ መሀል አንዱ «ዘጸአት 8፥2» የሚል ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ሲይዝ ይነጥቁታል። ኦሪትን የሚያውቅ የኛ ሰው እዚህ ላይ ጆሮው ይቆማል፤ ፈርዖን ሕዝቡን አልለቅም ካለ አገሩ በጓጉንቸር እንደሚመታ የተነገረበት ቦታ ነው። በመጽሐፉ ጓጉንቸሮቹ ከወንዝ ወጥተው እስከ መኝታ ቤትና እስከ ቡሃቃ ድረስ ይገባሉ፤ አንደርሰን ግን ከላይ ነው ያወረዳቸው። እኔ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል የምወደው፣ አንድ ትንሽ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ እያየ «ይሄ የሚሆን ነገር ነው» የሚለውን ነው። ጩኸት የለ፣ ድንጋጤ የለ።

ዘጸአት ካልን አይቀር፣ በ1956 የተሠራውን «ዘ ቴን ኮማንድመንትስ» ለጓጉንቸር ብሎ የሚከፍት ሰው ያዝናል። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት ጓጉንቸሮቹ የሚታወሱት ፈርዖኑ ራምሴስ ሲከራከር በአፉ ብቻ ነው፤ ውኃው ስለተበላሸ ወጡ፣ ተአምሩ ምኑ ላይ ነው ይላል። በ2014 ሪድሊ ስኮት የሠራው «ኤክሶደስ» ግን አሳይቷቸዋል።

አሁን ወደ «ፍሮግስ» ልምጣ። የ1972 አስፈሪ ፊልም ነው፣ ፍሎሪዳ የተቀረጸ። ፖስተሩ ላይ አንዲት ትልቅ እንቁራሪት አለች፣ ከአፏ የሰው እጅ ተንጠልጥሏል። በዚህ ምስል ስንት ሰው እንደተሸወደ! ታሪኩ በፀረ ተባይ መርዝ ተፈጥሮን ያስቆጣ አንድ ሀብታም ሽማግሌ ልደቱን ሲያከብር እንግዶቹ አንድ በአንድ የሚያልቁበት ነው። የሚገድሉት ግን እባብ፣ ሸረሪት፣ አልቅት፣ አዞ ናቸው፤ እንቁራሪቶቹ ዳር ሆነው እየጮሁ ያያሉ። በእኔ ልምድ እንቁራሪት ፊልም ውስጥ ልብ የምትነካው ማንም ሳይጠብቃት ስትመጣ ነው። ስሟ ርዕስ ላይ ከተጻፈ ብዙ ጊዜ ጌጥ ሆና ትቀራለች።

ለምሳሌ የስፒልበርግን «ኢ.ቲ.» (1982) ማን የእንቁራሪት ፊልም ይለዋል? ግን የሳይንስ ክፍሉን ትዕይንት እዪው። እንቁራሪቶቹ በየጠርሙሱ ተዘግተዋል፣ አስተማሪው በመድኃኒት የተነከረ ጥጥ እያደለ ያልፋል፣ ፊቱ አንዴም አይታይም። ቤት የቀረው ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ቢራ ጠጥቶ ሲሰክር እሱን የደበቀው ልጅም ክፍል ውስጥ አብሮ ይሰክራል፤ ከዚያ ብድግ ብሎ ጠርሙሶቹን ይከፍታል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል፣ እንቁራሪቶቹ በመስኮት ይወጣሉ። ከልጆች ጋር ለማየት የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው።

ሁለተኛው «ዘ ማፔት ሙቪ» (1979)። እንቁራሪቱ አሻንጉሊት ከርሚት ረግረጉ መሀል ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ ጊታር መሰል ባንጆውን እየመታ ሲዘፍን፣ ፈጣሪው ጂም ሄንሰን ውኃው ስር በሰመጠ የብረት ጋን ውስጥ ተጣጥፎ እጁን ብቻ ወደ ላይ ዘርግቶ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። የመጀመሪያውን ከርሚት በ1955 የሠራውም ከእናቱ አሮጌ ካፖርትና ለሁለት ከተከፈለ የፒንግ ፖንግ ኳስ ነው። ልጆቼ ይህን ከነገርኳቸው በኋላ ከርሚት ብስክሌት የሚነዳበት ጋ ሲደርሱ እጁን ፍለጋ ስክሪኑ ላይ ይለጠፋሉ።

የዲስኒው «ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ» (2009) ኒው ኦርሊንስ ላይ ነው፣ ምግቡም ሙዚቃውም ያስደስታል፤ ሴት ልጄ ደጋግማ ታየዋለች። እኔን የሚከነክነኝ፣ ቲያና የዲስኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት ሆና ሳለ አብዛኛውን ፊልም እንቁራሪት ሆና ማሳለፏ ነው። ጠንቋዩ ከነጥላዎቹ ትንንሽ ልጆችን ያስፈራል፣ ማታ ባታሳዪያቸው ይሻላል።

«ማግኖሊያ»ን ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ፤ ስድብም ዕፅም አለበት። በዳይሬክተር ዴል ቶሮ «ፓንስ ላቢሪንዝ»ም (2006) እንዳትሳሳቺ። ፖስተሩ የተረት ይመስላል፣ ትንሽ ልጅ አለችበት፣ ዛፍ ስር የተደበቀ ግዙፍ ጓጉንቸርም አለ፤ ልጅቷ አስማተኛ ድንጋይ ስታበላው ሆድ ዕቃውን ገልብጦ ይተፋል። ያም ሆኖ ከጓጉንቸሩ ይልቅ የሚዘገንነው የወታደሮቹ ጭካኔ ነው። የልጆቹን ዕድሜ ከጻፍሽልን ሌላም እጨምርልሻለሁ።