ከዝሙት ፈተና ሳልላቀቅ ንስሐ ልግባ?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። አጽዋማትን እጾማለሁ፤ ሌሊት ግን በስልኬ የዝሙት ምስል ከማየት መላቀቅ አልቻልኩም። ንስሐ ገብቼ መልሼ ስለምወድቅ በእግዚአብሔር ላይ መቀለድ መስሎ ተሰማኝና ተውኩት። ሳገባ ንስሐ ገብቼ ብቆርብ አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኃጢአቱን ኃጢአት ብለኸዋልና ስለ እሱ አላስረዳህም። ያሳሰበኝ «ሳገባ» ያልከው ነው። ይህን ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። ቅዱስ ቁርባኑን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ትተን፣ ፈተና የሚበረታበትን ዕድሜ ያለ ስንቅ የምናሳልፈው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ጌታ «ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም» ብሏል (ማቴ. 9፥12)፤ አንተ ግን ከዳንኩ በኋላ ልታከም እያልክ ነው።

ጋብቻ ቅዱስ ነው፤ ሥጋችንንም ከነፍላጎቱ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን የሰውን ገላ እንደ ዕቃ ማየት የለመደ ዐይን ሚስቱንም እንዲሁ ያያታል። ይህ ልማድ በሠርግ ማግስት አይጠፋም፤ በዚሁ ምክንያት የሚያለቅሱ ሚስቶች አጋጥመውኛል።

ሰኔ 24 የምናስበውን ሙሴ ጸሊምን ተመልከት። ሽፍታ የነበረው ይህ አባት መንኩሶ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ሳለ የዝሙት ጾር (ፈተና) በረታበትና ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። «ወደ በዓትህ (ወደ ማደሪያህ) ተመለስ» ቢሉት «አባቴ፣ አልችልም» አለ። ወደ ሰገነት አውጥተው በምዕራብ በኩል የአጋንንትን ሠራዊት፣ በምሥራቅ በኩል ለእርዳታ የሚላኩትን መላእክት አሳዩት፤ የሚረዱን ከሚዋጉን እንደሚበዙም ነገሩት። እንግዲህ ሙሴ ጾሩ እስኪለቀው አልጠበቀም፤ እያቃጠለው ነው የሄደው።

«ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ተብሎ ተጽፏል (ምሳ. 24፥16)። ቀልድ የሚሆነው ላለመተው ወስኖ መናዘዝ ነው፤ እየታገሉ መውደቅ ግን ቀልድ አይባልም።

ስትናዘዝ ደግሞ «በማወቅም ባለማወቅም» በሚል የጅምላ ቃል አትሸፈን። ምን እንደምታይ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምርህ ሳታፍር ተናገር። ብዙዎች ለዓመታት ንስሐ አባታቸው ዘንድ እየተመላለሱ ቁስላቸውን ሳያሳዩ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። መቼ እንደምትቆርብ እሳቸው ይወስኑ፤ አንተ በራስህ ላይ አትፍረድ።

ስልኩን ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከመኝታ ክፍልህ አውጣው፤ ለመነሻህ የሚደውል ሰዓት ግዛ። የንስሐ አባትህ ጋርም ደውል። ካፈርክ «አቋርጬ ነበር፣ ልመለስ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ቀሪውን እሳቸው ይጠይቁሃል።